ማክሰኞ ጠዋት የተቋረጠው ስልክ

ልጄ፣ እንደምን ከረምሽልኝ? እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ እንደ ልማዱ ነው።

ስልክ አይነሳም ብለሽ እንዳትሰጊ ነው ወረቀት ያነሳሁት። አባትሽ ስልኩን አጥፍቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎበታል። የሠራተኞቹን አውቶቡስም ሌላ ሹፌር ይዞታል፤ እሱ ትንሽ ይረፍ ብለን ነው። እህል ግን አልወርድ ብሎታል።

ባለፈው ሳምንት ያቺ ዳቦ ቤቱ አጠገብ ያለችው ልብስ ሰፊ መንገድ ስትሻገር በአባትሽ አውቶቡስ ተገጭታ ሞተች፤ ነፍሷን ይማር። ፍሬኑ እምቢ ብሎት ነው። የሰው አፍ መቼ ያርፋል፣ እየነዳ ስልክ አንስቶ ነው ይላሉ። ሕጉም ጠብቋል፤ መንጃ ፈቃዱን ወስደውበታል፣ ክሱም አይቀርም። ፖሊሶቹ "ማን ነው የደወለልህ?" ቢሉት "የማላውቀው ቁጥር ነው" ብሎ ቃሉን ሰጠ። ስትደውዪለት ተሳፋሪውን ሁሉ "ዝም በሉ፣ ልጄ ናት!" የሚለው ሰውዬ!

አክስትሽ ብትደውልልሽ ወሬዋን አትስሚ። ብርዱ እንዳይጎዳሽ ደራርበሽ ልበሺ። አባትሽ ሰላም ብሎሻል፤ በአፉ ባይወጣውም።

ደግሞ ልረሳው ነበር፤ ማክሰኞ ጠዋት ስታወሪው ድንገት የተቋረጠብሽ ኔትወርክ ነው። ኔትወርክ ነው ልጄ፤ እዚህ ሲቆራረጥ ነው የሚውለው።

እናትሽ