የልብስ ሰፊው የጋሽ ሚሊ የሕይወትና የሕመም ታሪክ

ደንበኞቻቸው ሁሉ “ጋሽ ሚሊ” ይሏቸው የነበሩት ታላቅ ወንድሜ፣ ከአናጺ አባታቸውና ከቤት እመቤት እናታቸው ሚያዝያ 12 ቀን 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። እርሳቸው የቤቱ በኩር ነበሩ፤ እኔ የመጨረሻዋ ነኝ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ አባታችን ሲያርፉ ከአጎታችን ስፌት ቤት ገብተው ሙያውን ለመዱ፤ በ1974 ዓ.ም. የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ለአንዲት ሚሊ ሜትር ብለው ሙሉ እጅጌ ይተረትሩ ስለነበር ቅጽል ስሙ በዚያው ወጣላቸው። ደንበኛ “ማንም አያየውም እኮ ጋሼ” ሲላቸው፣ “እኔ አየሁታ! ምን ላድርግ?” ይሉ ነበር። ለአንዲት ቁልፍ ሦስት ጊዜ ያመላለሷቸውን ደንበኛ አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በዚህ ዓመት የትንሿን ልጃቸውን የሙሽራ ቀሚስ ሲሰፉ መርፌ ጣታቸውን ወጋቸው። ልብስ ሰፊ ሲወጋ መጀመሪያ የሚያድነው ጨርቁን ነው። ነጩ ቀሚስ እንዳይበላሽ ጣታቸውን በክር ጠፍረው ስፌቱን ቀጠሉ፤ ቀሚሱም አንዲት ጠብታ ሳይነካው አለቀ። ጣታቸው ሲያብጥ “የመርፌ ነገር ነው፣ ይተወኛል” አሉ። ትኩሳቱ አንቀጥቅጧቸው መቃዠት ሲጀምሩ ነው ሆስፒታል የወሰድናቸው።

ሐኪሟ እንዳስረዱን ጀርሙ ደማቸው ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ሰውነታቸውም ከጀርሙ ጋር ሲታገል የገዛ ደም ሥሮቹን የውስጥ ሽፋን ጎዳ። ያ ስስ ሽፋን ጤነኛ ሲሆን ደም ሳይረጋ ያልፋል፤ ሲጎዳ ግን ደም ያለ ቦታው ይረጋል። በጥቃቅኖቹ ሥሮች ሁሉ እየረጋ መንገዱን ዘጋው፤ የእግር ጣቶቻቸው ጠቆሩ፣ ኩላሊታቸው ደከመ። ደም የሚያረጋው ነገር እዚያ ሲያልቅ ደግሞ ከድዳቸውና መርፌ ከገባበት ሁሉ ይደሙ ጀመር።

“ዶክተር፣ ከረጋ አቅጥኑት፤ ከፈሰሰ አቁሙት!” ብዬ ጮኽኩባቸው።

“እኅቴ፣ አንዱን ስንይዝ ሌላው ይብሳል። ዋናው ጀርሙን ማጥፋት ነው፤ እሱንም እየሞከርን ነው” አሉኝ።

ወዲህ ገደል፣ ወዲያ ገደል ሆነብን። ባለቤታቸው የጠቆረውን እግራቸውን በመዳፋቸው ያሹ ነበር። ነርሱ “እማማ፣ አይሞቅም እኮ፤ ደም እዚያ አይደርስም” ቢላቸውም አልተዉም። እኛ ልጆቻቸውና እኅታቸው ቆመን ከማየት በቀር ምንም አልቻልንም።

ወንድም ጋሼ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ በ67 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና እኔን ትተውናል። እኛ ልናደርግላቸው ያቃተንን ሁሉ ፈጣሪ ለነፍሳቸው ያድርግላቸው።