ኩልፎ ዳር የሠራነው ቤት

አዋሳ፣ ሰኔ 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ኩማ
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ

ኩማ፣ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጽጌሬዳም በሰላም ተገላግላለች፤ ሴት ልጅ ወልደሃል። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት ሌላውን አንብበህ እስክትጨርስ ልብህ እንዳይንጠለጠል ነው። ልብ ተንጠልጥሎ መክረም ምን እንደሆነ አውቃለሁና።

«ይድረስ ለውድ እህቴ ለታቢታ» ብለህ የላክኸውን ደብዳቤ ጽጌሬዳ ራሷ ይዛልኝ መጣች። ፊት ለፊቴ ቆማ ታየኝ ስለነበር ፊቴን እንደምንም ይዤ አነበብኩት። የመጀመሪያ ልጇ ሞቶ ስለተወለደ ፈርታለች፣ አንቺ አዋላጅ ነሽ፣ ከእጅሽ የወደቀ ሕፃን የለም፣ አደራ እህቴ ትላለህ። እህቴ! በጉባኤው ፊት ቆመህ ቀለበት ያሰርክልኝ ባሌ፣ ሚስትህን እንዳዋልድልህ እህቴ ብለህ ለመንከኝ። ከእጄ የወደቀ ሕፃን የለም ያልከውም እውነት አይደለም። የወደቁ አሉ፤ ፊታቸው ዛሬም አይጠፋኝም። አንተ ግን ሲቸግርህ ሁልጊዜ ትልቅ ቃል ነው የምትመዘው።

ምናልባት ረስተኸው ይሆናልና ነገሩን ከሥሩ ልጻፍልህ። «አሁን ደግሞ ምን አስነሳት?» ማለትህ አይቀርም። በል ተቀመጥና አንብበው።

ኩልፎ ወንዝ ዳር ያለውን ያንን ቦታ ያገኘኸው የመንገድ ሥራ ካቦ ሆነህ አርባ ምንጭ በነበርክ ጊዜ ነው። ለዓመት ፈቃዴ ስመጣ እጄን ይዘህ በሙዝ እርሻው መሐል ወሰድከኝ። ኩልፎ ዝናብ ጠጥቶ ደፍርሶ ይወርድ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እግራችንን ውሃው ውስጥ ነከርን።

«ጡረታ ስንወጣ እዚህ ነው የምናረጀው» አልከኝ። «አንቺ ዕድሜሽን የምጥ ጩኸት ስትሰሚ ኖረሻል፤ ከእንግዲህ የውሃ ድምፅ ትሰሚያለሽ።»

ልጅ እግዚአብሔር አልሰጠንም። የሰው ልጅ ሳዋልድ ውዬ ባዶ ቤት ስገባ የማስበው ያንን ቤት ነበር። ከሁለታችንም ደመወዝ እየቀነስን፣ አንድ ዓመት ግድግዳውን፣ አንድ ዓመት ጣሪያውን እያልን ሠራነው። በረንዳው ወደ ውሃው ይዙር ብዬ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ በከሰል የሳልኩልህ እኔ ነኝ።

በ1967 ሐምሌ አዋጁ ወጣ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት፣ ትርፉ የመንግሥት። ያን ሰሞን ግማሹ ከተማ ይጨፍራል፣ ግማሹ በሩን ዘግቶ ያለቅሳል። አንተ ግን ዝም ብለህ ከረምክና አንድ ቀን ምሳ ላይ፣

«ታቢታ፣ እንፋታ» አልከኝ።

የቆረስኩትን እንጀራ መሶቡ ላይ መለስኩት።

«በወረቀት ነው» አልክ ቶሎ ብለህ። «የአዋሳው ቤት ባንቺ ስም ይሆናል፣ የአርባ ምንጩ በኔ። ሁለት ሰው ሁለት ቤት፤ ማን ይነካናል? ወረቀት እንጂ ሌላ ምን ይለወጣል?»

እኔ አልሆነልኝም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ወልደጻድቅ ዘንድ ሄድን። «ኩማ፣ በውሸት የፈረሰ ትዳር ሲውል ሲያድር በእውነት ይፈርሳል» አሉህ። አንተ ሳቅህ። ስንመለስ መንገድ ላይ «ሽማግሌው አዋጁን አላነበቡትም» አልከኝ፤ እኔም አብሬህ ሳቅኩ። ሽማግሌ አስቀምጠን ተፋታን። የአርባ ምንጩ ቤት ባዶ ተገኘ ተብሎ እንዳይወሰድ አንተ ጡረታህን ይዘህ ወረድህ፤ እኔ ጊዜዬ እስኪደርስ ሥራዬ ላይ ቀረሁ።

መጀመሪያ መጀመሪያ ትመጣ ነበር። ለገና ትመጣለህ፣ ለፋሲካ ትመጣለህ፣ ሙዝ በጆንያ ተሸክመህ። ከዚያ ይለፍ ወረቀት ከለከሉኝ አልክ። ከዚያ ኬላው ጠበቀ። ከዚያ የቀበሌ ስብሰባ የቀረ ይቀጣል አልክ። እኔም አመንኩህ፤ የሁሉም ሰው ኑሮ እንዲያ ነበርና። ይሄ አብዮት ለስንቱ ባል ምክንያት እንዳስታጠቀ እግዚአብሔር ይወቀው።

አምና ክረምት ጡረታዬ እንደደረሰ ጻፍኩልህ። መስከረም ሲጠባ ጓዜን ይዤ እመጣለሁ፣ እንደገና በሽማግሌ እንታረቃለን፣ የአዋሳውን ቤት አስረክባለሁ አልኩህ። መልስ አልላክህም። ዝምታህን እሺታ አደረግኩት። ዕድሜ ልኬን የሴት ምጥ ከፊቷ ሳነብ የኖርኩ ሰው የአንድ ወንድ ዝምታ ማንበብ አቃተኝ።

ቁልፉን ይዤ ቀበሌ ስሄድ ሊቀመንበሩ ግዛቸው እንኳ ተጨነቀልኝ።

«እትዬ ታቢታ፣ ቤት ከሰጡ በኋላ መልሱልኝ አይባልም። ያስቡበት እንጂ።»

«ባሌ ጋ ልሄድ ነው» አልኩት።

«ተፋተው የለም እንዴ?»

«ልንታረቅ ነው።» ይህን ስል እንደ ሙሽራ ፊቴ ጋለ። በዚህ ዕድሜዬ!

ጉዞውን አልጽፍልህም። ሶዶ አድረን፣ አቧራ ለብሰን ገባን። በርህን ስቆረቁር እጇ አፈር የነካው ወጣት ሴት ከፈተችልኝ፤ ጓሮ እየኮተኮተች ኖሯል።

«ማንን ፈልገው ነው?»

«አቶ ኩማን።»

«ስብሰባ ሄደዋል፤ ይግቡ፣ ይግቡ። ከየት ነው የመጡት?»

«ከአዋሳ።»

«ውይ! እትዬ ታቢታ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «እህታቸው! ሁልጊዜ እኮ ስለ እርስዎ ያወሩኛል። እኔ ባለቤታቸው ነኝ፤ ጽጌሬዳ እባላለሁ።»

በረንዳው ላይ አስቀመጠችኝ። በረንዳው ልክ እንደሳልኩት ወደ ውሃው ዞሯል። እግሬን አጠበችኝ፤ ሙዝ ቆርጣ አቀረበችልኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«የፊተኛዋን ባለቤታቸውን እስከ መጨረሻው ያስታመሟቸው እርስዎ ነዎት አሉኝ። እግዚአብሔር ዋጋዎን ይክፈልዎት» አለችኝ።

«በምን ሞተች አለሽ?»

«በወባ። ደግ ሴት ነበሩ አሉ።»

«አዎ» አልኳት። «ደግ ነበረች።»

ኩማ፣ ሰው ከሞተ በኋላ የሚወራለትን ቢሰማ ይወድ ነበር ይባላል። እኔ ሰምቼዋለሁ፤ ለማንም አልመኝም። ያቺ ልጅ አልበደለችኝም። ያን በረንዳ እየጠረገች ያሰማመረችው የሞተች ሴት ወንበር ላይ የተቀመጠች መስሏት ነው። እዚያው ሆኜ ብጮህ የሚፈርሰው የሷ ቤት ነው፤ የኔማ ፈርሶ አልቋል። «መኪና እንዳያመልጠኝ» ብዬ ተነሣሁ። እደሩ ብላ ለመነችኝ፤ እምቢ ስላት ሻንጣዬን ተሸክማ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። ለአንድ ቀን የመጣች እንግዳ ሻንጣዋ ለምን ይህን ያህል ይከብዳል ብላ አልጠየቀችኝም። አንተ ያን ቀን ስብሰባው አላበቃልህም። ወይም ከሩቅ አይተኸኝ ሙዙ ውስጥ ተሸሽገህ ነበር። እኔ ሁለተኛውን ነው የማምነው።

አዋሳ ስመለስ ቤታችን ውስጥ የሴቶች ማኅበር ገብቶበታል። ግዛቸው ዓይኔን ማየት አቃተው። ጠሀን ታውቀዋለህ፣ የጨርቅ ነጋዴውን። አዲስ ከተማ ሰፈር፣ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል ከፈተልኝ። «ልጆቼን በሙሉ ያዋለዱልኝ እርስዎ ነዎት፤ ስለ ኪራይ እንዳይነግሩኝ» አለኝ። ለሰው ሁሉ ወባ መለሰኝ ብዬ ነገርኩ። ውሸቱን ካንተ ተበደርኩት።

እንግዲህ ኖርኩ። ጠዋት ተነሥቼ የት እንደምሄድ ሳላውቅ ነጠላዬን እለብስና መልሼ እቀመጣለሁ። በሚያዝያ መጨረሻ ጋሪ ደጃፍ ላይ ቆመና ጽጌሬዳ ሆዷን ይዛ ወረደች። ኩማ፣ እኔ ዘንድ መላክህን ሳስበው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሌላ ሰው ቢያደርገው ድፍረት እለው ነበር። አንተ ግን ከልብህ አምነኸኝ ነው የላክኸው። ታቢታ ክፉ አታደርግም ብለህ። ደግነቴን እንደ ጓሮ ቧንቧ ስትከፍተው ስትዘጋው ኖረሃል።

ሕፃኗ በራሷ ሳይሆን በእግሯ ነው የመጣችው። ምጡ በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያው ሲጮህ ጀመራት። መኪና ፍለጋ ጠሀ ሮጦ እስኪመለስ ጊዜ አልነበረም። «እትዬ፣ ይሄም ይሞትብኛል» እያለች ክንዴን ትነክሳለች። «አይሞትም፤ ዝም ብለሽ የምልሽን ስሚ» አልኳት። የሕፃኗ አንገት ላይ ስደርስ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ፈርቼ ነበር። ሕፃኗ ሰማያዊ ሆና ወጣች፤ አልጮኸችም። አፏን ጠርጌ፣ በአፌ ትንፋሽ ሰጥቼ፣ እግሯን መታ መታ አድርጌ ስለምናት ቆየሁና ጮኸች። ጠሀ ውጭ ቆሞ «አልሐምዱሊላህ!» ሲል እኔ መሬቱ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያን ቀን አንተ ትዝ አላልከኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሙሉዬ፣ የድሮዋ ጎረቤታችን፣ አራስ ልትጠይቅ ገንፎ ይዛ መጣች። የማን አራስ እንደሆነች አልነገርኳትም፤ ዘመዴ ናት ብያታለሁ። ገና ቁጭ እንዳለች፣

«ባልሽስ? ኩማ አርባ ምንጭ ምን ሲሠራ ይከርማል? አንቺን ወባ ሲያባርርሽ እሱን እንዴት ማረው?» አለች።

ሳልኩ፣ ወሬ ቀየርኩ፤ ቃሉ ግን ወጥቷል። ጽጌሬዳ ሕፃኗን እያጠባች ነበር፤ ቀና አላለችም። ሙሉዬ እስክትሄድ ጠበቀች።

«እትዬ።»

«ወይ።»

«የሞቱት ሚስት እርስዎ ነዎት?»

መዋሸት እችል ነበር። ግን ደከመኝ፣ ኩማ። ራሴን ስቀብር መኖር ደከመኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«ያን ቀን ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? ሙዝሽን እየበላሁ?»

ሕፃኗን ከጡቷ አላቀቀቻት። «ቤቱ እኮ የእርስዎ ነው።»

«መሬቱ የመንግሥት ነው፣ ቤቱ በኩማ ስም ነው። የኔ የሚባል ነገር የለበትም።»

«እኔ በሰው አልጋ ላይ ተኝቼ የሟችን ነፍስ ይማር ስል ነው የኖርኩት?» አለችና ሕፃኗ እስክትደነግጥ አለቀሰች። እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዝኳት፤ አራስ አታጎነብስም።

ነገሩን ሁሉ፣ የአቶ ወልደጻድቅን ምክር ሳይቀር ነገርኳት፤ ተመለሺ ብዬም መክሬያታለሁ። ጋብቻሽ በሕግ ነው፣ ልጅ አባት ያስፈልጋታል፣ የኔ ነገር አልፏል አልኳት። አልሰማችኝም። እሳቸው እያለች ስታከብርህ የኖረችው ሴት እንዲህ አለችኝ፦

«አባት ካላት መጥቶ ይውሰዳት። እዚህ መጥቶ፣ እርስዎና እኔ ባለንበት፣ አቶ ወልደጻድቅ እየሰሙ፣ እርስዎ ማን እንደሆኑ በአፉ ይናገር። ከዚያ በኋላ እመለሳለሁ ወይም አልመለስም፤ ያኔ አስብበታለሁ።»

እኔ አላስተማርኳትም። ከፈለግህ እመን፣ ካልፈለግህ ተወው። ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ጆሯቸው ደህና ነው። አሁን በየቤቱ ነው የምንጸልየው፤ ምክንያቱን ታውቃለህ፣ በደብዳቤ አይጻፍም። «ይምጣና እሰማዋለሁ» ብለዋል።

እኔ ካንተ ምን እንደምፈልግ ትጠይቅ ይሆናል። ቤቱን አልፈልግም። አንተንም አልፈልግም። የምፈልገው ሕያው መሆኔን ሰው ፊት እንድትናገር ብቻ ነው። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ነው። ላንተ ይከብድሃል፤ አውቃለሁ።

ሕፃኗ እያማረባት ነው። ግንባሯ ያንተ ነው፣ ምን ይደረግ። የጠሀ ሚስት ማጠቢያ ገንዳ ሰጥታናለች፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ አጥቤያት ቅቤ እቀባታለሁ። ክፍሉ ጠቦናል፤ አልጋዬን ወደ በሩ ገፍቼ ለነሱ ቦታ ለቀቅሁ። ስም አውጥተንላታል፤ አንተን አልጠበቅንም። ስትመጣ ከእናቷ ትሰማዋለህ።

እግዚአብሔር ጤና ይስጥህ፤ ልብህንም የሰው ልብ ያድርግልህ።

ታቢታ

ደግሞ ልንገርህ፤ ክረምቱ ገብቷል። የሶዶ መንገድ ጭቃ ነው፣ አውቶቡስ ሁለት ቀን ይቆማል ይላሉ። ሕፃኗም ብትሆን ለመንገድ የምትጠነክረው መስከረም ካለፈ በኋላ ነው፤ ጥቅምት ደግሞ ብርድ ነው፣ ኅዳርም ብርድ ነው። ስለ እኛ አታስብ፤ እኔም ጠዋት ጠዋት የምነሣለት ሰው አግኝቻለሁ። አትቸኩል።