ሳልነግርህ የፈረምኩልህ ሕክምና

አያልዬ፣ የልጆቼ አባት፣

እንዴት ሰነበትክ ልልህ አስቤ ሳቄ መጣ። ከተለየኸኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ሙት ዓመትህን በወጉ አውጥተናል፤ እህትህም እግሬን አመመኝ ማለቷን ትታ ከሐሙሲት ድረስ መጥታ ነበር።

ቤቱ ደህና ነው። ገብሱን ዘንድሮ ውርጭ ገረፈው እንጂ ስንዴው አምሮበታል። ልጅህ ሰብለ ደብረ ታቦር ሱቅ ከፍታለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። አንድ ሌላ ወሬም አለኝ። ባለፈው ሳምንት ቤት ውስጥ መብራት አስገባሁ። አትቆጣ፣ እስክጨርስ ስማኝ።

ቦራ የሞተበትን ክረምት አልረሳሁትም። በዝናብ የተበጠሰው የመብራት ሽቦ መስኩ ላይ ወድቆ በሬያችን ረገጠውና እዚያው ቀረ። አንተም ቦራን የበላ ነገር ከደጄ አያልፍም አልክ። ጎረቤቱ ሁሉ አምፖል ሲሰቅል እኛ በኩራዝ፣ ኋላም በሶላር ኖርን። ግትርነትህን ስለማውቀው አልተከራከርኩህም።

ከዚያ መርሳቱ መጣ። መጀመሪያ የልጆችህን ስም፣ ቀጥሎ የቤትህን በር፣ በመጨረሻ እኔን ረሳህ። እሱንስ እንችለው ነበር። ያቃተን ሌላው ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከብት አውድማ ገባ እያልክ ትጮህ ጀመር። የቀረበህን ሁሉ ትመታለህ፣ ልብስህን ትቀድዳለህ፣ እህል አልቀምስም ትላለህ። አንድ ቀን ሌባ መስዬህ ክንዴን በዱላ ሰበርከው። የተቀየምኩህ እንዳይመስልህ፣ አንተ አልነበርክም። የዚያን ለት ወንድምህ ከቀንበሩ ላይ ጠፍር ፈትቶ ከምሰሶው ጋር አሰረህ። በሬ የምትጠምድበት የገዛ ጠፍርህ ነው። እጅህ እስኪቆስል ስትታገል እያየሁ ፊቴን አዞርኩ። ስጽፈው እንኳ አፍራለሁ።

ክፉ መንፈስ ነው ያሉን ብዙ ነበሩ፤ እኔም አምኜ ነበር። ጸበል ሁለት ሳምንት ይዘንህ ተቀመጥን። የንስሐ አባታችን ጸበሉንም አጠጡት፣ ሐኪምም አሳዩት አሉን፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሰብለም አረብ አገር ያስታመመቻቸው ሽማግሌ እንዳንተው ያደርጋቸው ስለነበር በሽታ መሆኑን አወቀች። ሐኪሞቹ መድኃኒት ቢቀያይሩልህም ወይ አይዝልህም፣ ወይ አደንዝዞ ይጥልሃል። በመጨረሻ ወደ አዲስ አበባ ላኩን።

እዚያ አንዲት ወጣት ሐኪም ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። በሰመመን አስተኝተን ለጥቂት ሰኮንድ ኤሌክትሪክ በጭንቅላቱ እናሳልፋለን አለችኝ። ጆሮዬን አላመንኩም። መርሳቱን አያድነውም፣ እንዲያውም ለጊዜው ሊያብስበት ይችላል፤ ሁከቱን ግን ሊያበርድለት ይችላል፣ ሌላውን ሁሉ ሞክረን ነው አለች። ምንም ሳትደብቅ ስለነገረችኝ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ግን ከቤትህ የከለከልከውን ነገር ጭንቅላትህ ውስጥ እንዲገባ የምፈቅደው እኔ ነበርኩ። አንተን ልጠይቅህ ሞከርኩ፤ ፊቴ ላይ ተፋህብኝ። አብረን መሠረተ ትምህርት በተማርናት ፊደል፣ ጎባጣ እያልክ በምትስቅባት በእሷው፣ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ከዚያ ጋቢህን ታቅፌ ከበሩ ውጭ ስጠብቅ መስኩ ላይ የተጋደመው ቦራ ብቻ ነበር የሚታየኝ።

ሕክምናው ቀን እየዘለለ የሚደጋገም ነበር። በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ጊዜ ለውጥ አላየሁም፤ ገደልኩት ብዬ አለቀስኩ። ከአራተኛው በኋላ ነርሷ ጥፍርህን ስትቆርጥህ ዝም አልካት። በስድስተኛው ማግስት ተነሥተህ ተቀመጥክ፣ ቁርስህን በላህ። ከዚያ እንጀራውን ጠቅልለህ ወደ እኔ ዘረጋህና «እንቺ ጉረሺ እስቲ፣ የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» አልከኝ። በስተርጅና ልጅ መባሌ ደስ አለኝ መሰለኝ፣ እያለቀስኩ ጎረስኩልህ።

አገራችን ስንመለስ ጠፍሩን ለወንድምህ ሰጠሁት፣ ወደ ቀንበሩ ተመለሰ። አንተም ዓመት ሙሉ ሳትታሰር ደጃፍህ ላይ ፀሐይ ሞቅክ። እግርህን ሳጥብህ ትመርቀኛለህ። ማን እንደሆንኩ ግን አንድም ቀን አላወቅክም። አንድ ረፋድ ላይ አግብተሻል ወይ ብለህ ጠየቅከኝ። አዎ አልኩህ። «ደግ ሰው ነው?» አልክ። ግትር ነው፣ ግን ደግ ነው አልኩህ። ከልብህ ሳቅክና «እንግዲያ ያዢው» አልከኝ።

ያቺን ዓመት የሰጠኝን አመሰግናለሁ። ሐኪሟንም፣ ሰብለንም፣ ኤሌክትሪኩንም ጭምር። አንተ ስታልፍ እጅህ በእጄ ውስጥ ነበር፣ ቁስሉም ድኖ ነበር። በምን እንደዳንክ ግን ሳልነግርህ ሄድክ፤ እፈራህ ነበር። ይኸው ዛሬ ነገርኩህ። አምፖሉን ያሰቀልኩት አንተ ትቀመጥባት ከነበረችው መደብ በላይ ነው። ቦራን ቢገድልብንም አንተን ፈቶልኛልና እኔ ታርቄዋለሁ፤ አንተም ታረቀው።

ስለ እኔ አታስብ። ያዢው ብለኸኛል፤ ይዤሃለሁ።

ሚስትህ እንጉዳይ