ኢንጂነር ቢሻው ውበቴ እና የዛሂሩ ማደያ

ኢንጂነር ቢሻው ውበቴ ከአባታቸው ከአቶ ውበቴ አድማሱ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጥሩወርቅ ይመኑ ታኅሣሥ 14 ቀን 1953 ዓ.ም. በጎጃም፣ ደንበጫ ከተማ ተወለዱ። ከሰባት ልጆች ሦስተኛው ነበሩ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ደንበጫ፣ ሁለተኛ ደረጃን ደብረ ማርቆስ ተምረው በ1972 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1977 ዓ.ም. በመካኒካል ምህንድስና ተመረቁ። ከዚያም ለአሥራ አምስት ዓመታት በናዝሬት የነዳጅ ዴፖ አገልግለዋል።

በ1983 ዓ.ም. ከወ/ሮ የሺመቤት አለነ ጋር ጋብቻ መሥርተው ራሔልንና ዳግማዊን ወልደዋል።

በ1992 ዓ.ም. ማደያዎችን በሚጠግን አንድ ኩባንያ ተቀጥረው ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ጅዳ ሄዱ፤ በኒ ማሊክ በሚባል ሰፈርም ቤት ተከራይተው መኖር ጀመሩ። ሥራቸው ከመሬት ሥር የተቀበሩ የነዳጅ ታንከሮች ሲያፈሱ ደርሶ ማስቆም ነበር። ማደያውን ያዘጋሉ፣ የቀረውን ነዳጅ በቦቴ ያስወጣሉ፣ የአካባቢውን ሰው ያርቃሉ፣ ቤንዚን የጠጣውን አፈር አስቆፍረው ያስነሳሉ። በ1999 ዓ.ም. እዚያው ሰፈራቸው አንድ ታንከር ማፍሰሱ ሲታወቅ፣ የሦስት ሕንፃ ነዋሪዎችን በር እያንኳኩ ያስወጡት እሳቸው ነበሩ። ያን ጊዜ ማንም አልተጎዳም።

እስከዚህ ያለውን ለመጻፍ አልተቸገርንም። ቀጥሎ ያለውን ግን ባለቤታቸው ወ/ሮ የሺመቤት እንዲቀር ለምነው ነበር። «አስከሬኑ ፊት እንዴት ይነበባል? ደንበጫ ሰው ምን ይለናል?» ብለው አልቅሰዋል። ይሁን እንጂ ሟቹ ራሳቸው በሕይወት እያሉ አደራ ብለው የተዉት በመሆኑ ሊቀር አልቻለም።

ኢንጂነር ቢሻው ክርስቲያን በመሆናቸው መካ መግባት አይችሉም ነበር። የመካ ማደያዎችን በእሳቸው ፈንታ የሚያዩላቸው አቶ ሰዒድ የተባሉ ቴክኒሻን ነበሩ። አቶ ሰዒድ ከወሎ ሄደው መካ ከከተሙ ቤተሰቦች የተወለዱ ሲሆን፣ በየጠዋቱ የመለኪያውን ዘንግ ታንከር ውስጥ ከትተው ያገኙትን ልክ ወደ ጅዳ ይደውሉ ነበር። በግንቦት 2008 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ዛሂር በሚባለው የመካ ሰፈር ከሚገኘው ማደያ ታንከር ሳይሸጥ የሚጎድል ቤንዚን እንዳለ ነገሯቸው። በማግስቱም ጎደለ። በሦስተኛውም ቀን።

ኢንጂነር ቢሻው ምን ማለት እንደሆነ ያውቁ ነበር። የኩባንያው ኃላፊ ግን በዑምራ ተጓዥ መኪና መንገዱ በሚጨናነቅበት ወር ማደያ እንደማይዘጋ ቁርጡን ነገሯቸው። የኢቃማቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ማደሻም ያው ወር ነበር። ፈሩ። «የታንከሩ ይዞታ ደህና ነው፤ የልኬት ስሕተት ነው» የሚል ሪፖርት አስጽፈው ፈረሙ። ሪፖርቱን በዐረብኛ የተየበችው፣ እዚያው ጅዳ የተማረችው ልጃቸው ራሔል ነበረች። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችውም እሷው ናት። ያን ቀን «አባዬ፣ ይኼ እውነት ነው?» ብላ ጠይቃ ነበር። «ጻፊ ዝም ብለሽ» አሏት፤ ጻፈች። የሃያ አንድ ዓመት ሰው ነበረች፤ ልጅ ነበርኩ ማለት አትችልም።

ሰኔ 7 ቀን ማክሰኞ አቶ ሰዒድ እንደገና ደወሉ። ራሔል አጠገባቸው ሆና ሰምታለች።

«ኢንጂነር፣ ሽታው ከማደያው ጀርባ ካለው ቤት ምድር ቤት ገብቷል። አሲያ የምትባል የጀርወል ሆቴል ጽዳት ሠራተኛ አለች፣ እዚያ የምትኖር። ራሴን አመመኝ ትላለች። ወላሂ፣ ይኼ የልኬት ነገር አይደለም። ዛሬውኑ እንዝጋው።»

«ሪፖርቱ ወጥቷል፣ ሰዒድ። ኻላስ፣ አለቀ። ከዒድ በኋላ እናየዋለን።»

ረቡዕም ደወሉ። መልሱ ያው ነበር።

ሐሙስ ሰኔ 9 ቀን አቶ ሰዒድ ማንንም ሳያስፈቅዱ ወ/ሮ አሲያን ሊያስወጡ ሄዱ። ከበሩ ሲደርሱ ወ/ሮ አሲያ ለማፍጠሪያ ምግብ ሊሠሩ ምድጃውን ለኮሱ። በምድር ቤቱ የታመቀው የቤንዚን ትነት ተያያዘ። አቶ ሰዒድ ከወለሉ ላይ ምንጣፍ አንስተው ሴትዮዋን ጠቅልለው አወጧቸው። ወ/ሮ አሲያ አንገታቸውና ክንዳቸው ተቃጥሎ ሦስት ወር ሆስፒታል ተኙ። የአቶ ሰዒድ ቀኝ እጅ ተኮማትሮ ቀረ።

ከዚህ የከፋው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። መርማሪዎች ሲጠይቋቸው ኢንጂነር ቢሻው «ቴክኒሻኑ ጉድለት መኖሩን አላሳወቀኝም» ብለው ቃላቸውን ሰጡ። አቶ ሰዒድ ከሥራ ተባረሩ፤ የትኛውም ማደያ አልቀጠራቸውም። የዛሂር ጎረቤት እያወቀ የደበቀ ሰው አድርጎ አያቸው። ወ/ሮ አሲያም ሕይወታቸውን ያተረፉላቸውን ሰው በመንገድ ሲያገኟቸው ፊታቸውን ያዞሩ ጀመር። የአቶ ሰዒድ እናት ወ/ሮ መኪያ ልጃቸው ወንጀለኛ ሲባል እየሰሙ በ2009 ዓ.ም. አረፉ። ኢንጂነር ቢሻው ሊያስተዛዝኑ ተነስተው፣ መካ መግቢያ ላይ ካለው የሹመይሲ ኬላ ማለፍ እንደማይችሉ እያወቁ እስከዚያ ነድተው ተመልሰዋል። የእሳቸው ኢቃማ ታድሶ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ኢንጂነር ቢሻው ደውለው ስለለመኗቸው አቶ ሰዒድ ከመካ ወደ በኒ ማሊክ መጡ። ራሔል ውኃ አቀረበችላቸው። ብርጭቆውን በግራ እጃቸው ተቀበሉና «አትታዘቢኝ፣ ቀኙ አይጨብጥልኝም» አሏት። ከዚያ ወደ አባቷ ዞሩ።

«ማክሰኞ ነግሬዎታለሁ። ረቡዕም ነግሬዎታለሁ። አልነገርኩዎትም?»

«ነግረኸኛል። ይቅር በለኝ።»

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል? እኔማ አውቀዋለሁ። ለአሲያ ይንገሯት። የሰፈሩም ሰው ይስማ።»

ኢንጂነር ቢሻው እሺ አሉ። እሺ ብለው ሰባት ዓመት ዝም አሉ። በእነዚያ ዓመታት ለማኅበረሰባችን ብዙ መልካም ነገር አድርገዋል፤ የታሰረ አስፈትተዋል፣ የሞተ አገሩ አስልከዋል፣ ሰዎችም አመስግነዋቸዋል። ሲመሰገኑ አንገታቸውን ይደፉ ነበር። ሰው ትሕትና ይመስለው ነበር። እኛ ቤት ውስጥ ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ እኛም አልተናገርንም።

በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ የጉበት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ጥር 2017 ዓ.ም. ላይ ራሔልን ጠርተው ሁለተኛ ሪፖርት አስጻፏት። አቶ ሰዒድ በየቀኑ የነገሯቸውን ልክ፣ የተደወለበትን ቀን፣ እሳቸውም በመርማሪዎች ፊት መዋሸታቸውን አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ፤ ፈረሙም፤ ቀብራቸው ላይም እንዲነበብ አደራ አሉ። አንዱ ለኩባንያው፣ አንዱ ለአቶ ሰዒድ ተላከ። ከኩባንያው እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም። በዚያው ቀን ለወ/ሮ አሲያ ደወሉ። ስልኩን የያዘችላቸው ራሔል ናት። ሁሉንም ነገሯቸው።

«ስምንት ዓመት ሰላምታ ነፍጌዋለሁ» አሉ ወ/ሮ አሲያ። «ሰማህ ወይ አንተ ሰውዬ? ስምንት ዓመት ሙሉ። እናቱ ስትሞት እንኳ አልደረስኩም።»

«ይቅር በይኝ፣ እህቴ።»

«ያንተን ኋላ አስብበታለሁ። አሁን ስልኩን ዝጋው፤ ሰዒድ ጋ ልሄድ ነው።»

የወ/ሮ አሲያን ይቅርታ ሳይሰሙ ኢንጂነር ቢሻው ሐሙስ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ አራት ዓመታቸው ጅዳ ውስጥ ዐረፉ።

አስከሬናቸው ወደ አገር በተላከበት ቀን አቶ ሰዒድ ከመካ መጥተው ከጅዳ አየር ማረፊያ ጭነት ክፍል በር ላይ ቆመው ነበር። እሳቸው በረመዳን፣ ራሔል በዐቢይ ጾም ላይ ነበሩ። ሣጥኑ እስኪገባ ጠበቁ። ከዚያ ራሔልን «ያንን ነገር ቀብሩ ላይ ታነቢዋለሽ?» ሲሉ ጠየቋት። አነባለሁ አለች። «እንግዲያው እንዳታሳጥሪው» አሏት።

አላሳጠርኩትም። አቶ ሰዒድ እውነቱን ተናግረው ነበር፤ የዋሸው አባቴ ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ኢንጂነር ቢሻው ባለቤታቸውን ወ/ሮ የሺመቤት አለነን፣ ልጆቻቸውን ራሔልንና ዳግማዊን፣ ሁለት ወንድሞቻቸውንና አንዲት እህታቸውን ትተው ሄደዋል። አምላክ የሟቹን ነፍስ ከፍርድ ይልቅ በምሕረቱ ይቀበል። የአቶ ሰዒድን እጅና የወ/ሮ አሲያን ቁስል እሱ ያስባቸው፤ እኛንም በጊዜው ለመናገር ድፍረት ይስጠን።