በርዎ ላይ ስለቆመችው ሎሪ

ለተከበሩ አቶ አብዮት፣ የከብት ገበያችን አንጋፋ ደላላና የሞያሌ ስኳሽ ውድድር ዋና ዳኛ፣
ባሉበት (መውጫ ስለሌለዎ ባሉበት እንዳሉ አውቃለሁ)።

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለፍየሎችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ ለዓይንዎ ግን ለብቻው እጸልያለሁ፣ ቅዳሜ ዕለት ክፉኛ አሳስቦኛልና። እኛ፣ ከንዴታችን በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የደብዳቤዬን ግልባጭ በስኳሽ ሜዳው በር ላይ የለጠፍኩት ጨዋታውን ያላየ የሄሉና የኦዳ ሰፈር ሰውም እንዲዳኘን ብዬ ነው። በቀድሞው የስኳር መጋዘን ውስጥ ሁለት ተጫዋቾች ኳስ በየተራ ከግድግዳ ጋር ያላጋሉ፤ የመታችው ለተረኛዋ መንገድ መልቀቅ አለባት፤ ካልለቀቀች የተዘጋባት እጇን አንስታ ዳኛውን ትጠይቃለች፣ እሱም ወይ ኳሷን ያስደግማል ወይ ነጥቡን ይሰጣታል። የቅዳሜው ፍጻሜ አሸናፊ ናይሮቢ ወርዳ ከፕሮፌሽናሎቹ ጋር ትሰለፋለች። ልጄ ሰሎሜ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያን ግድግዳ ስትደበድብ ያደገችው ለዚህች አንድ ዕድል ነበር። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩ኛ. ተጋጣሚዋ ሻምሳ ኳሷን ከፊት ጥግ ላይ ለስለስ አድርጋ እየጣለች መሐል ሜዳ ላይ እንደ ምሰሶ ስትተከል፣ አንዴም ሳይገሥጹ በአባታዊ ትዕግሥት ስለተመለከቱ አመሰግናለሁ። በልጅቷ አልፈርድም፤ አሠልጣኟ ያሏትን አደረገች፣ እርስዎም ፈቀዱላት።

፪ኛ. በመጨረሻው ጌም እኩል ሆነው፣ አንዲት ኳስ ሁሉን በምትወስንበት ሰዓት፣ ሰሎሜ ኳሷ ጋ ደርሳ ራኬቷን ብትሰነዝር የሻምሳን ጥርስ ታረግፍ ነበርና እጇን ሰብስባ ቆመች። ጨዋ ልጅ ስላሳደግኩ ይቅር ይበሉኝ። እጇን አንስታ ብትጠይቅዎ፣ ዓይንዎን በጨው አጥበው አይደገምም አሉ፤ ነጥቡም፣ ጨዋታውም፣ ናይሮቢም በዚያች አንዲት ቃል ሄዱ። ልጄ እስካሁን እህል አልቀመሰችም። ወይ ነዶ!

፫ኛ. ከሁሉ በላይ የማመሰግንዎ ግን ምክንያቱን ስጠይቅዎ የከተማችን አስተዳዳሪ ቺፉም፣ ሕዝቡም እየሰማ ስለሰጡኝ ትምህርት ነው። ቀድማ የቆመች አትነሳም፣ ኋላ የመጣች ዞራ ትለፍ ብለው ፈረዱ። ለካስ የከብት ገበያውን ሕግ ይዘው ነው የገቡት! አዎን፣ በሬ ፊት ቆሞ የሚዋዋልን ሰው ማንም አይገፋም፤ ሌላው ሲጨርስለት ይጠብቃል ወይም ዞሮ ይሄዳል። በዚያ ገበያ ፍርድዎ ወደር የለውም፣ እኔም ብዙ ጊዜ ተዳኝቼበታለሁ። ሻምሳ ግን በሬ አልነበረም የምትገዛው፣ ጌታዬ!

እኔም ታዛዥ ተማሪ ነኝና ትምህርቱን በቃሌ ያዝኩት። ስለዚህ ትናንት የሆቴሌን ሎሪ አምጥቼ በግቢዎ በር ፊት ለፊት አቆምኳት። ሐሙስ ወደ ናይሮቢ የሚጫኑ ፍየሎች እንዳሉዎ መላው ሞያሌ ያውቃል። ነገር ግን ሎሪዋ ቀድማ ቆማለች፣ ቀድማ የቆመች ደግሞ አትነሳም፤ እርስዎ ዞረው ይለፉ። በዙሪያዎ ያለው የድንጋይ አጥር መሆኑ ያሳዝነኛል፤ በሰሎሜም ዙሪያ የነበረው ግድግዳ ነበር። ቺፉ ዘንድ ሊከሱኝ ቢያስቡ መልካም ነው፣ ፍርድዎን በገዛ ጆሯቸው ሰምተዋል። ለፍየሎቹ ውሃና ድርቆሽ በአጥሩ ላይ አቀብላለሁ፣ እነሱ ምን አጠፉ? በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና፣ ትናንት እርስዎ በበሩ ቀዳዳ ሲያጮልቁ ሳይ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ ይህን አልደብቅም።

ሎሪዋ የምትነሳበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። መንገድ የተዘጋበት ሰው መብት አለው፣ የዘጋውም ይነሳ ብለው በገዛ አንደበትዎ ይናገሩ፤ የሚናገሩት ግን ለእኔ ሳይሆን ለውድድሩ ኮሚቴ ነው፣ የሰሎሜም ጨዋታ ይደገም። ኮሚቴው የአሸናፊዋን ስም ወደ ናይሮቢ የሚልከው ዓርብ ነው፤ ፍየሎችዎ አንድ ቀን ይቀድሟታል።

ፍርድዎን አክባሪ፣ ከበርዎም ላይ ንቅንቅ የማልል፣
ወርቅአየሁ፣ የሰሎሜ እናት

ማስታወሻ፦ ሎሪዋን ገፍተው ለማንሳት ዛሬ ጠዋት ሰዎች እንደላኩ ሰምቻለሁ። አልቻሉም፣ ጎማዋ ሥር ትልልቅ ድንጋይ ተሸጉጧል። ድንጋዩን ያስገባችው ሰሎሜ እንዳትመስልዎ፤ እሷ ከአልጋዋ አልተነሳችም። ያስገባችው ራሷ ያሸነፈችው ሻምሳ ናት። ጥርሴን ባተረፈችልኝ ልጅ ላይ ተረማምጄ ናይሮቢ አልሄድም ብላ፣ አሁን ሎሪዋ ፊት መሐል መንገድ ላይ ቆማለች። እንዴት አድርጋ እንደምትቆም እርስዎ ያውቋታል።