አርጎብኛ በክኒን አይታከምም

ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሸዋሮቢት

ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አመልካች፦ ወ/ሮ ኢልሀም ጁነይድ፣ የካራቆሬ ነዋሪ

ጉዳዩ፦ በመጦሪያ ቤት ያሉ አረጋውያን የሚወስዱት መድኃኒት በሐኪም እንዲመረመር ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. እናቴ ወ/ሮ መሪያም፣ አጣዬ ከተማ የነበረው ቤታችን ከተቃጠለ ወዲህ ጤናዋ ስለተጓደለ፣ እዚሁ ሸዋሮቢት «ለምለም ጥላ» በሚባለው የአረጋውያን መኖሪያ አስገብቻታለሁ። «ሰው እናቱን መጦሪያ ይጥላል?» ብሎ የሚያማ ዘመድ አላጣሁም። እኔ ግን የሚያውቁ ሰዎች ይጠብቋታል ብዬ ነበር።

2. እናቴ አርጎባ ናት። ዕድሜዋ ሲገፋ የልጅነት ቋንቋዋ ተመልሶ መጣባት። የንጋቱን ሶላት ሱብሂን ሰግዳ ዚክሯን ታደርግና ከሞተች እህቷ ጋር በአርጎብኛ ትጫወታለች። እኛ ዘንድ ይኼ እርጅና ይባላል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ተክሌ ግን ያልገባቸውን ቋንቋ በሽታ አደረጉት። «ብቻቸውን እየለፈለፉ ሰው ይረብሻሉ» ብለው ለአንድ ሐኪም በስልክ ነግረው የሚያስተኛ ክኒን አሳዘዙላት። ሐኪሙ እናቴን በዓይኑ አላያትም። እሰይ! በዚህ ዓይነት ነገ ኦሮምኛ የሚናገር አዛውንት ሲገባ መርፌ ሊታዘዝለት ነው።

3. ክኒኑ ከደም ግፊት መድኃኒቷ ጋር ይስማማ አይስማማ የጠየቀ የለም። ለሶላት ልትታጠብ፣ ለውዱእ ስትነሳ ዞሮባት ወደቀች፤ ግንባሯም ተፈነከተ። አቶ ተክሌን ብጠይቃቸው «እንቅልፋም ስለሆኑ ነው» አሉኝ። ወይ ጉድ! እንቅልፋም ያደረጋት ማን ሆነና?

4. ነገሩ የእናቴ ብቻ አይደለም። እዚያው የሚጦሩት የቀወቱ ገበሬ አባባ ወልደማርያም እግራቸው አብጦ ሳለ የታዘዘላቸውን ሽንት የሚያበዛ ክኒን፣ እብጠቱ ከጠፋ በኋላም ይውጣሉ። ለምን ቢባል «ለምደውታል» ነው መልሱ። በዚህ በረሃ ሙቀት ሰውዬው ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አቶ ተክሌ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ «እኛ ዘንድ ኮሽታ የለም» እያሉ ይኩራራሉ። «ዝም አይነቅዝም» ሲባል ሰምተው አረጋውያኑን እንደ እህል ሊያቆዩአቸው አስበው ይሆናል።

5. መድኃኒት በገዛ ሥልጣኔ ላስቁም አላልኩም፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። አቶ ተክሌም አይደሉም። ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ ሐኪምና የመድኃኒት ባለሙያ ልኮ፣ የእያንዳንዱ አረጋዊ መድኃኒት ለምን እንደተጀመረና ዛሬም ያስፈልግ እንደሆነ አረጋዊውን ራሱን ቀርቦ እያነጋገረ እንዲመረምር እጠይቃለሁ። ለእናቴ አርጎብኛ የሚሰማ ሰው ይምጣላት። ለወደፊቱም ምርመራው በየጊዜው ይደረግ።

6. ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። ባለፈው አርብ ክኒኑ አልቆ ሳትወስድ ዋለች። አጠገቧ ስቀመጥ ዓይኗን ገልጣ አየችኝና በአማርኛ፣ ጥርት አድርጋ፣ «ኢልሀሜ፣ የት ጠፋሽ?» አለችኝ። እጇን ይዤ ሳምኩት። በማግስቱ መድኃኒቱ ተገዝቶ ገባ፤ እሷም ዝም አለች። አቶ ተክሌ «አሁን ተሻላቸው» ብለው፣ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ መጠኑ እጥፍ እንደሚሆን አበሠሩኝ።

ክቡር ኃላፊ፣ ከሰኞ በፊት ይድረሱልኝ። እናቴ ጠይቃኛለች፤ እኔ ገና አልመለስኩላትም።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ኢልሀም ጁነይድ
(ፊርማ)