ከቀኝ የተነበበው ሥዕልህ

ግርማዬ፣ የቤቴ ጌታ፤

ከተለያየን የደቻቱ ወንዝ ሦስት ጊዜ ሞልቶ ጎደለ። እኔ ደህና ነኝ። ልጃችን ሰላምም እግዜር ይመስገን፣ ቁመቷ ትከሻዬን አልፏል። የሱቅ ማስታወቂያ የምትጽፍባትን ክፍልህን ቀበሌው ወስዶ ኅብረት ሱቅ አድርጓታል፤ ቀለምህ የተንጠባጠበበት ወለል ላይ አሁን ሰው ለስኳር ይጋፋል። ይኼን ሁሉ የምዘበዝበው ዋናውን ለማዘግየት ነው አቦ። ፊትህ እየጠፋኝ ነው። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ እነሱ የሠሩት ፊት ብቻ ነው። ፎቶዎቻችንን ከሥዕሎችህ ጋር ጭነው ስለወሰዱ የማመሳክርበት እንኳ የለኝም።

እስቲ ከሩቅ ልጀምር፣ ምናልባት በዚያ በኩል ትመጣልኝ እንደሆነ። ባቡር ላይ የሚሠራው ጓደኛህ ከጅቡቲ እያመጣ የሚሰጥህ የፈረንሳይ የሥዕል ታሪኮች ትዝ ይሉሃል? አንተም እኔም ፈረንሳይኛ አናውቅ። ከሰዎቹ አፍ በሚወጣው ደመና ውስጥ ያለውን ንግግር ከራሴ እየፈጠርኩ ሳነብልህ፣ አንተ ጆሮህንም አትሰጠኝ፤ ቡጢው እንዴት እንደተሣለ ነበር የምታየው። ይኼ ሠዓሊ ጎበዝ ነው ትለኝ ነበር፤ ሲመታው አላሳየም፣ አንዱ ሳጥን ላይ ክንዱን አነሣ፣ በሚቀጥለው ያኛው ጥርሱን ተፍቶ ወደቀ፣ መሃል ላይ የመታነው እኛ አንባቢዎቹ ነን። እኔ ደሞ ማንንም አልመታሁም ብዬ እሟገትህ ነበር።

ከዚያ የራስህን መሣል ጀመርክ። ካርቶኖቹን በራፍህ ላይ በገመድ፣ በልብስ መቆንጠጫ ስትሰቅላቸው ከከዚራም ከመጋላም ሰው ይጎርፍ ነበር። ለሚደበደበው ሰውዬ ሁሌ የሰፈር ሰው ፊት ትሰጠዋለህ። ሰዉም የዛሬውን ዱላ ማን ቀመሰ እያለ ይመጣል። ሰልባጅ ልብስ ሻጩ አው ኢብራሂም ራሱን ተዘርሮ ያየ ቀን፣ «አንተ ግርማ፣ ዱላውስ ይሁን፣ ሆዴን ምን በድዬህ ነው እንዲህ የነፋኸው?» ብሎ በሳቅ ገደለን።

ይኼ ዝናህ ነው ቀበሌ የደረሰው። ሣልልን አሉህ፤ እንቢ አይባል። ከተማው በብዙ ቋንቋ ስለሚያወራ ጽሑፍ አይኑርበት አሉ። ሦስት ትልልቅ ካርቶን ሠራህ። በግራ ያለው ላይ አድኃሪው አብዮት ጠባቂውን በጩቤ ይወጋል፤ መሃለኛው ላይ ይተናነቃሉ፤ በቀኝ ያለው ላይ አድኃሪው ታስሮ ተንበርክኳል። መጋላ ገበያው መግቢያ ላይ ሰቀሉት።

እነ አው ኢብራሂም ፊደል የቆጠሩት ቁርዓን ቤት ነው። ዓይናቸው ከቀኝ ነው የሚነሣው። ከቀኝ ሲጀምሩት ታስሮ የተንበረከከ ሰው አዩ፤ ቀጥሎ ገመዱን በጥሶ ታገለ፤ መጨረሻ ላይ አሳሪውን ወግቶ ጣለ። ሰውዬው በሬዲዮ ጠዋት ማታ ሰንሰለቱን በጠሰ የሚባለው ጭቁኑ ሕዝብ መሰላቸው። «ማሻአላህ፣ ተፈታ!» ብለው አጨበጨቡ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጭብጨባውን ሰምቶ መጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር አሉ፣ የሚጨበጨበው ለምን እንደሆነ አንዱ እስኪነግረው።

አብዮት ጠባቂዎቹ በጠራራ ፀሐይ መጡብን። ሰላም ትምህርት ቤት ነበረች። አፍህን ከመክፈትህ በሰደፍ አሉህ፤ ጥርስህ ደጃፋችን ላይ ቀረ። እኔን አንዱ ፀጉሬን ይዞ ከግድግዳ አላተመኝ። በማግስቱ ደቻቱ አሸዋ ላይ አገኘሁህ። አፍንጫህ ወደ ጉንጭህ ዞሯል። የምትሥልበት እጅህ ጣቶች ተፈጭተዋል፤ ጥይቱ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ማልቀስ ክልክል ነው ተባልኩ። አው ኢብራሂም ከሚሸጠው ውስጥ ደህናውን ኮት አምጥቶ አለበሰህ፤ «ምነው ያን ቀን ዓይኔ በጠፋ» እያለ ቁልፉን አንድ በአንድ ቆለፈልህ።

ደጃፉ ላይ አየሁህ፣ አሸዋው ላይ አየሁህ። መሃሉን አላየሁም፤ እኔው ነኝ እየሞላሁ የምኖረው። በየቀኑ እደበድብሃለሁ። ሲብስብኝ ሊቀመንበሩን አስገብቼ በዘነዘና አናቱን እለዋለሁ፣ እስኪደቅ ድረስ። ማንንም አልመታሁም ያለችህ ሴትዮ ማለት ያቻት።

ባለፈው ሰሞን ሰላም እጇ ያንተን እጅ ሆኖ አንድ ፊት ሣለች። አፍንጫው ቀጥ ያለ፣ ከንፈሩ ሊስቅ ሲል። «እማዬ፣ አባዬ እንዲህ ነበር አይደል?» አለችኝ። አየሁት፣ አየሁት፤ አላወቅሁህም። አዎ፣ እሱው ነው አልኳት። ደስ ብሏት አልጋዋ ራስጌ ላይ ለጠፈችው። አፍንጫህን ምን እንዳደረጉት አልነገርኳትም፣ ከኔም አትሰማም።

ከዚያን ቀን ወዲህ የድሮ ፊትህን መፈለግ ትቻለሁ። ያ የሷ ነው። እነሱ የሠሩትን ፊት ግን ያየው ቢኖርም፣ ከኔ በቀር አየሁ የሚል የለም፤ እኔ ከረሳሁት ማንም ምንም አላደረገህም ማለት ነው። ስለዚህ ቃሌ ይኼ ነው ግርማዬ፦ ያማረውን ልጅህ ትያዝልህ፤ የተሰበረውን እኔ ይዤልህ እኖራለሁ።

ባለቤትህ